በስሜ ያለ ንብረት በወንድሜ ምርመራ ታገደ፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በማጭበርበር ወንጀል ተጠርጥሮ ምርመራ ላይ ነው። እኔ አልተጠረጠርኩም። ፍርድ ቤቱ ግን በሁለታችን ስም ያለውን የባንክ ሂሳብና በእኔ ስም የተመዘገበውን ሚኒባስ አግዷል። ሚኒባሱ የተገዛው በእኔ ቁጠባ፣ በባንክ ብድርና ወንድሜ በሰጠኝ ገንዘብ ነው። አሁን የሹፌሩን ደመወዝም ሆነ የብድሩን ወርሃዊ ክፍያ መክፈል አልቻልኩም። ጥፋት ሳይኖርብኝ ንብረቴ እንዴት ይታገዳል? እግዱን ማስነሳትስ እችላለሁ?

መልስ፦ በአብዛኛው ይቻላል። ከአቤቱታው በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩ። ፍርድ ቤቱ ስለ እርስዎ ጥፋት የወሰነው ነገር የለም፤ ስለዚህ «እኔ ምንም አላጠፋሁም» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም ብቻውን እግዱን አያስነሳም። ወንድሜ ንጹሕ ነው ብሎ መሟገትም የእርስዎ ድርሻ አይደለም፤ ያ የእሱና የጠበቃው ሥራ ነው። የእርስዎ አቤቱታ የሚቆመውም የሚወድቀውም በሌላ ጥያቄ ላይ ነው፦ ከታገደው ንብረት ውስጥ የትኛው የእርስዎ ነው፣ የተገዛበት ገንዘብስ ከየት መጣ?

እግድ ከቅጣት ይለያል። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2003) ማገድን የሚተረጉመው ንብረት እንዳይተላለፍ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይንቀሳቀስ በጊዜያዊነት መከልከል፣ ወይም ንብረቱን በጊዜያዊነት በጥበቃና በቁጥጥር ሥር ማዋል ብሎ ነው። ዓላማው መጨረሻ ላይ የውርስ ውሳኔ፣ ማለትም ንብረቱ ለመንግሥት እንዲሆን የሚያዝ ውሳኔ፣ ቢሰጥ የሚወረሰው ነገር ጠፍቶ እንዳይገኝ ነው። ለዚህ ደግሞ ፍርድ ለመስጠት የሚያስፈልገው ዓይነት ማስረጃ አይጠየቅም። በእንግሊዝ የ2002 የወንጀል ፍሬ ሕግ ለምሳሌ፣ ምርመራ መጀመሩና ተጠርጣሪው ከወንጀሉ ጥቅም አግኝቷል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያታዊ መነሻ መኖሩ በቂ ነው። በኢትዮጵያም ፍርድ ቤት በወንጀል የተገኘ ነው ተብሎ የተጠረጠረን ንብረት የሚያግድበት ሥርዓት በፀረ ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 434/1997 ከተደነገገ ቆይቷል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያይ እንጂ አካሄዱ ተቀራራቢ ነው።

የእርስዎ ስም ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ሳይኖር ንብረትዎ የታገደው ሕጉ የሚከተለው ገንዘቡን ስለሆነ ነው። ገንዘብ በዘመድ ስም ማስቀመጥ የተለመደ መሸሸጊያ በመሆኑ መርማሪው በማን ስም ተመዘገበ በሚለው ላይ አይቆምም፤ ማን ከፈለ፣ ማን ያዝዝበታል፣ ማን ይጠቀምበታል ብሎ ይሄዳል። በስጦታ የተሰጠ ገንዘብም ከዚህ አያመልጥም። በብዙ ሕጎች ተጠርጣሪው በነጻ ወይም ከዋጋው እጅግ ባነሰ ያስተላለፈው ንብረት እንደ ራሱ ሀብት ሊቆጠርበት ይችላል። «ወንድሜ በሰጠኝ ገንዘብ» ያሉት ክፍል አደጋ ላይ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀረው ግን ከእሱ ጋር አብሮ መሄድ የለበትም። ከላይ የጠቀስኩት ስምምነት አንቀጽ 31 የወንጀል ፍሬ ሕጋዊ ምንጭ ካለው ንብረት ጋር ሲቀላቀል የሚወረሰው እስከ ተቀላቀለው የወንጀል ፍሬ ግምት ድረስ እንደሆነ፣ በቅን ልቦና የገቡ ሦስተኛ ወገኖች (ከወንጀሉ ውጭ የሆኑ ሰዎች) መብትም እንዳይነካ ይደነግጋል። የእርስዎ መከራከሪያ መሠረት ይህ ነው።

አሁን ትእዛዙን ይያዙና ያንብቡት። «ታግዷል» የሚለውን የባንክ ሠራተኛ ቃል ሰምቶ መቀመጥ አይበቃም፤ ከመዝገብ ቤት ግልባጩን ያውጡ፣ ትእዛዙ የተሰጠበትን ማመልከቻና ቃለ መሐላ ጭምር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የእርስዎ ስም በምን ሚና እንደተጻፈ ነው፤ እንደ ተጠርጣሪ ነው ወይስ ንብረቱን እንደያዘ ሦስተኛ ወገን? ቀጥሎ የእግዱን ስፋት ይዩ። ሂሳቡና ሚኒባሱ በቁጥር ተለይተው ተጠቅሰው ከሆነ ሌላው ንብረትዎ ነጻ ነው፤ «በስማቸው ያለ ማንኛውም ንብረት» የሚል ከሆነ ግን በሌላ ባንክ ያለ ደመወዝዎም ሊነካ ይችላል። የገንዘብ ጣሪያ ተቀምጦ እንደሆነ፣ ለኑሮ ወጪ የተፈቀደ ነገር እንዳለ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ ንብረትዎን በቃለ መሐላ ዘርዝረው እንዲያቀርቡ የታዘዙበት ቀን እንዳለ ይመልከቱ። ይህን የመጨረሻውን ሰው ይዘነጋዋል፤ ቀኑ ካለፈ ከእግዱ በተጨማሪ ትእዛዝ ባለማክበር ይጠየቃሉ።

እግዱ በኃይል ላይ እያለ ሚኒባሱን መሸጥ፣ ስም ማዛወር፣ በመያዣነት ማስያዝ፣ ለዘመድ «ለጊዜው ያዝልኝ» ብሎ መስጠት፣ የኤቲኤም ካርዱ ድንገት ሠራ ብሎ ከሂሳቡ ማውጣት፣ ሁሉም ትእዛዝ መጣስ ነው። ትእዛዙ ስህተት ነው ብለው ማመንዎ መከላከያ አይሆንም፤ እስኪሻር ድረስ ይከበራል። የሚያስከትለው ደግሞ ቅጣት ብቻ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ «ንብረቱ ሊሸሽ ይችላል» ብሎ ያቀረበውን ግምት እርስዎ በተግባር ያረጋግጡለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቀርቡት አቤቱታ ሁሉ ይከብዳል። ሚኒባሱን ማሽከርከርን በተመለከተ ትእዛዙ የሚከለክለው ማስተላለፍን ብቻ ከሆነና ተሽከርካሪው በእጅዎ ከሆነ፣ የዘወትር አጠቃቀም በአብዛኛው አይከለከልም። «ዋጋውን የሚቀንስ ማንኛውም ተግባር» የሚል ሐረግ ካለበት ግን ፍርድ ቤቱን ሳያስፈቅዱ ሥራ ላይ አያሰማሩት። በሁለቱም ሁኔታ ኢንሹራንሱ እንዳይቋረጥ፤ የታገደ ንብረት ተጋጭቶ ቢወድም ተጠያቂው የያዘው ሰው ነው።

ዋናው ሥራ የገንዘቡን መንገድ ማሳየት ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያፍስሱ። ሚኒባሱ 1,000,000 ተገዛ እንበል፤ 400,000 ከእርስዎ ቁጠባ፣ 350,000 ከባንክ ብድር፣ 250,000 ከወንድምዎ። ለፍርድ ቤቱ የሚቀርበው ይህ ድምር ሳይሆን እያንዳንዱ ቁጥር የሚታይበት ወረቀት ነው። ለ400,000ው ቁጠባው ከተከማቸበት ጊዜ ጀምሮ ያለ የሂሳብ መግለጫ፣ ደመወዝ ከሆነ የአሠሪ ደብዳቤና የግብር ማስረጃ፣ ንግድ ከሆነ ለግብር ያሳወቁት ገቢ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከሂሳብዎ ወጥቶ ለሻጩ የተላለፈበት መስመር ብቻ አይበቃም፤ ዐቃቤ ሕግ ወዲያው የሚጠይቀው «ወደዚያ ሂሳብስ እንዴት ገባ?» ብሎ ነው። ከግዢው ሦስት ቀን በፊት በጥሬ ገንዘብ የገባ 400,000 ካለ ምንጩን የሚያስረዳ ነገር ሳይኖርዎ አቤቱታ አያስገቡ። ለ350,000ው የብድር ውሉንና ባንኩ ገንዘቡን የለቀቀበትን ማስረጃ ያያይዙ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ብድር የእርስዎ ድርሻ የሚሆነው እርስዎ እስከ ከፈሉት ድረስ ነው። ወርሃዊው ክፍያ ሲወጣ የነበረው ከጋራ ሂሳቡ ከሆነና ሂሳቡን የሚሞላው ወንድምዎ ከነበረ፣ የእሱ ድርሻ ከ250,000 በላይ ያድጋል። ይህን ራስዎ አስልተው ቢያቀርቡ ይሻላል፤ ተቃራኒ ወገን ካወጣው በሌላው ቁጥርዎም ላይ እምነት ያሳጣዎታል።

የጋራ ሂሳቡ ይበልጥ ስሱ ነው፤ ገንዘብ ስም አይጻፍበትምና። በአንዳንድ አገሮች የጋራ ሂሳብ ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ የሁለቱ እኩል እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጠው ማን እንዳስገባ ያሳዩ። ለምሳሌ በሂሳቡ የእርስዎ 50,000 ነበረ፤ ወንድምዎ አጠያያቂውን 200,000 አስገባና 250,000 ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ 220,000 ወጥቶ ቀሪው 30,000 ደረሰ። ከዚያ የእርስዎ ደመወዝ 120,000 ገብቶ 150,000 ላይ ሳለ ታገደ። የእንግሊዝን ሕግ የሚከተሉ ፍርድ ቤቶች በሚጠቀሙበት የክትትል ደንብ፣ ከአጠያያቂው ገንዘብ በሂሳቡ ውስጥ ሊቀር የሚችለው ከ30,000 አይበልጥም፤ ምክንያቱም ቀሪው አንድ ጊዜ እዚያ ድረስ ዝቅ ብሏል፣ በኋላ የገባው ንጹሕ ገንዘብ የወጣውን አጠያያቂ ገንዘብ አይተካም። ስለዚህ 120,000 እንዲለቀቅ ለመጠየቅ ጠንካራ መሠረት አለዎት። የወጣው 220,000 ግን የት እንደገባ መጠየቁ አይቀርም፤ የተወሰነው ለሚኒባሱ ከተከፈለ መከታተሉ ወደዚያ ይሻገራል።

በዚህ ደረጃ ጉዳያቸውን በገዛ እጃቸው የሚያበላሹ ሰዎች አሉ፦ ከእግዱ በኋላ የተጻፈ፣ ቀኑ ግን ወደኋላ የተመለሰ የብድር ውል ያቀርባሉ። «ወንድሜ የሰጠኝ ብድር ነበር» የሚል ወረቀት፣ ምስክሮቹ የቤተሰብ አባላት፣ ወለድ የለው፣ የመመለሻ ጊዜ የለው፣ አንድም የተከፈለ ክፍያ የለው። ይህን አያድርጉ፤ ማንም «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ቢልዎ አይስሙት። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ እርስዎንም ከሦስተኛ ወገንነት አውጥቶ ተጠርጣሪ ያደርግዎታል። የቃል ብድር ከነበረ የቃል እንደነበር ይናገሩ፤ በጊዜው የተላላካችሁት የስልክ መልእክት ወይም የመለሱት ክፍያ ካለ አሁን ከሚጻፍ ውል አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ በመጀመሪያ እግዱ እንዲሻሻል መጠየቅን እመክራለሁ። ሙሉ በሙሉ ይነሳልኝ የሚል አቤቱታ ሁሉንም ወይም ምንም የሚያስቆርጥ በመሆኑ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ የሹፌሩ ደመወዝና የብድሩ ክፍያ ግን በየወሩ ይደርሳሉ። ማሻሻያው ሌላውን ክርክር አይዘጋም። ከማመልከትዎ በፊት ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ የእርስዎ ድርሻ በሰነድ ከታየው ሳይቃወም ሊቀር ወይም የተወሰነውን ሊስማማ ይችላል፣ በስምምነት የቀረበ ማሻሻያም ቶሎ ይወሰናል። ይህን የሚጽፍልዎት ጠበቃ የወንድምዎ ጠበቃ መሆን የለበትም። የእርስዎ ጥቅም «ይህ የእሱ ነው፣ ይህ የእኔ ነው» ብሎ መለየት ሲሆን የእሱ ጥቅም ከዚህ ሊጋጭ ይችላል።

የሚጠይቁትን በቁጥር ይጻፉት። «እግዱ እንዲላላልኝ» የሚል አቤቱታ ዳኛው ቢፈቅደው እንኳ ባንኩ አይፈጽመውም፤ የባንክ ሠራተኛ ወጪው ምክንያታዊ ነው አይደለም ብሎ መመዘን አይችልም፣ አደጋ ውስጥ ከመግባት ሁሉንም መዝጋት ይቀለዋል። ስለዚህ ትእዛዙ የባንኩን ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ ተቀባዩን፣ የወሩን ጣሪያና ቀኑን እንዲይዝ ያርቅቁት። ለእርስዎ ጉዳይ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ሚኒባሱን ለሥራ እንድጠቀም፤ ገቢው በስሜ በሚከፈት አዲስ ሂሳብ ብቻ እንዲገባ፤ ከዚያ ሂሳብ የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ለአበዳሪው ባንክ፣ የሹፌሩ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነዳጅና ጥገና ያለተጨማሪ ፈቃድ እንዲከፈል፤ የተረፈው እንዳይነካ፤ የወሩን ሂሳብ ከነደረሰኙ እስከሚቀጥለው ወር 5ኛ ቀን ለዐቃቤ ሕግ እንድልክ። የመጨረሻውን ግዴታ ሳይጠየቁ ራስዎ ያቅርቡ። ፍርድ ቤት የሚፈራው ገንዘቡ ከዓይኑ መሰወሩን ነው፤ እንዲያየው ካደረጉት ፈቃድ መስጠት ይቀለዋል። ቃለ መሐላውም እንዲሁ በመስመር ደረጃ የተለየ ይሁን፦ «ለሻጩ ከተከፈለው 1,000,000 ውስጥ 400,000 የወጣው በእኔ ስም ብቻ ካለው የቁጠባ ሂሳብ ነው፤ አባሪ 1፣ ገጽ 3፣ የተሰመረበት መስመር።» ዳኛው አርባ ገጽ የሂሳብ መግለጫ እንዲያገላብጥ አይጠብቁ።

ሚኒባሱ ተይዞ ግቢ ውስጥ ከቆመ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ተሽከርካሪ ቆሞ ዋጋ የሚያጣ ንብረት ነው፤ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም። ስለዚህ በምትክ ዋስትና እንዲለቀቅ መጠየቅ ይቻላል። በምሳሌያችን ተጠርጣሪው ከዋጋው አንድ አራተኛ ካለው፣ ተሽከርካሪው ዛሬ በገለልተኛ ገማች 800,000 ከተገመተ፣ 200,000 በፍርድ ቤት ሂሳብ አስይዘው ወይም የባንክ ዋስትና አቅርበው ሚኒባሱን መረከብ ይችላሉ ብለው ያመልክቱ። ይህን አቅርበው ባይሳካ እንኳ፣ ተሽከርካሪው ተሸጦ ገንዘቡ ወለድ በሚያስገኝ ሂሳብ ይቀመጥ የሚለው አማራጭ አለ። እኔ እንደ መጨረሻ አማራጭ ነው የማየው፤ በግዴታ የሚሸጥ ንብረት ተገቢ ዋጋውን ብዙ ጊዜ አያወጣም።

ለአበዳሪው ባንክ ዛሬውኑ በደብዳቤ ያሳውቁ፣ የትእዛዙን ግልባጭም ያያይዙ። ባንኩ በተሽከርካሪው ላይ የተመዘገበ መያዣ ካለው በቅን ልቦና የገባ ሦስተኛ ወገን ነውና ራሱም መብቱን ማስከበር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ክፍያው እንዲቀጥል ሲጠየቅ ከእርስዎ ጎን ይቆማል። ዝም ካሉ ግን የሚታየው ያልተከፈለ ብድር ብቻ ነው።

እግዱ ከነጭራሹ እንዲነሳ ለመጠየቅ የሚያበቁ ምክንያቶችም አሉ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በአብዛኛው የሚሰጠው ሌላው ወገን ሳይሰማ ነው፤ አስቀድሞ ቢነገር ንብረቱ ይሸሻልና። በዚህ ፈንታ አመልካቹ የራሱን ጉዳይ የሚያዳክም ነገር ጭምር ሳይደብቅ የመናገር ግዴታ አለበት። ቃለ መሐላው «ሚኒባሱ በሙሉ በተጠርጣሪው ገንዘብ የተገዛ ነው» ካለና መርማሪው የባንክ ብድሩን እያወቀ ካላነሳው፣ ይህ ከባድ ነጥብ ነው። ሌላው መዘግየት ነው። በእንግሊዝ ክስ ምክንያታዊ በሆነ ጊዜ ውስጥ ካልተጀመረ ፍርድ ቤቱ እግዱን ማንሳት አለበት። በደቡብ አፍሪካ የ1998 ሕግ የንብረት ማቆያ ትእዛዝ የውርስ ማመልከቻ ካልቀረበበት በ90 ቀን ያበቃል፤ በአየርላንድ የ1996 ሕግ የመጀመሪያው ጊዜያዊ ትእዛዝ የሚተካው ትእዛዝ እንዲሰጥ ካልተመለከተ የሚቆየው 21 ቀን ነው። የእርስዎን አገር ቀን ፈልገው በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉት። በተቃራኒው ሦስተኛ ወገን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሥርዓትም አለ፤ በአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ውርስ ሦስተኛ ወገን በዋናው ክስ ጣልቃ መግባት አይችልም፣ ከውርስ ትእዛዙ በኋላ ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መብቱን መጠየቅ አለበት። ያ ቀን ካመለጠ ጠንካራ ማስረጃም አያድንም።

ንብረት አስተዳዳሪ ሊሾም ነው ከተባለ ቸል አይበሉት። አስተዳዳሪው ክፍያውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከሚያስተዳድረው ንብረት ነው፤ አንድ ሚኒባስ ላለው ሥራ የአስተዳዳሪ ወጪ ገቢውን ሊበላው ይችላል። በየወሩ ሂሳብ ለማቅረብ ያቀረቡት ሐሳብ እዚህም ይጠቅማል፤ «በእኔ እጅ ሆኖ በቁጥጥር ሊሠራ ይችላል» ብለው ለመከራከር መነሻ ይሆንዎታል። እግዱ ያለአግባብ ከነበረ ኪሣራ ይከፈለኛል ብለው ግን አይተማመኑ። በእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ ካሣ የሚታሰበው በምርመራው ወይም በክሱ ሂደት ከባድ ጉድለት ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱን አሁን መቀነስ ኋላ ካሣ ከመጠየቅ ይሻላል።

ማሻሻያው ከተፈቀደ በኋላ መዝገቡን አይተዉት። የእግድ ችሎት «ለጊዜው ይጠቀሙ» ማለቱ «ድርሻው የእርስዎ ነው» ብሎ መወሰኑ አይደለም። ወንድምዎ ቢፈረድበት የውርስ ክርክሩ ለብቻው ይመጣል፣ እዚያም ቀርበው ያንኑ ማስረጃ ማቅረብ አለብዎት። በነጻ ቢለቀቅ ደግሞ እግዱ በራሱ ከመዝገብ አይጠፋም፤ የመሻሪያ ትእዛዙን ግልባጭ አውጥተው ለባንኩና ሚኒባሱን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት በእጅዎ ያድርሱ፣ ማኅተም ያለበት የደረሰኝ ቅጂም ያስቀሩ።